የአሥራ ስድስት ሳምንት ማህፀን

ይድረስ በመንዘላ ሐይቅ ዳር ለሚኖሩት አማቴ።

እንዴት ከርመዋል? ብርድ ሲገባ የሚነሣብዎት የጉልበት ቁርጥማት ዘንድሮ ምሕረት አደረገ ወይስ እንደ ልማዱ ነው? ዳክዬዎቹስ? ከጎረቤትዎ ጋር በአጥሩ ምክንያት የያዙትን ክርክር ማን ረታ? እርስዎ እንደሆኑ አልጠራጠርም። እኛ፣ አላህ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ልጅዎ ኢንሺራህ ዛሬ ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ አንድ ሰሐን ፉል ጨረሰች፣ ጨው በዛበት ብላ እኔን ሰደበች፣ ተመልሳ ጋደም አለች። ስድቡን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ጤንነቷን ከዚህ አብልጦ የሚመሰክር ሐኪም ፖርት ሰዒድ ውስጥ የለም።

አሁን ይህን ወረቀት አንዴ ራቅ፣ አንዴ ቀረብ አድርገው ይዩልኝ። የማን ጽሕፈት ይመስልዎታል? የኢማሙ እንዳይሉኝ፤ የፋርማሲስቱም አይደለም። የእኔ የራሴ ነው። ዕድሜ ልኬን ባምቡቲ ሆኜ፣ በትንሽ ጀልባ መርከብ ሥር ተጠግቼ ለመርከበኛ የእንጨት ግመል ስሸጥ የኖርኩ ሰው፣ በአሥራ አንድ ቋንቋ መከራከር የምችል፣ በአንዱም ማንበብ የማልችል ነበርኩ። ዘንድሮ የማታ ትምህርት ገባሁና መምህራችን «ከክፍሉ አንደኛ ነህ» አሉኝ። እርግጥ ከክፍሉ እኩሌታው እንቅልፋም ነው፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። የመጀመሪያዋን ፊደል፣ አሊፌን፣ ይዩልኝ፤ እንደ መርከብ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው። እርስዎ የቁርኣን አስተማሪ ልጅ ስለሆኑ ስህተት ሳይፈልጉ እንደማያድሩ አውቃለሁ፤ ካገኙ ለኢንሺራህ እንዳይነግሯት አደራ።

የላኳቸው ሁለት ዳክዬዎችና ያ ነጭ ስስ ብርድ ልብስ ደርሰውናል። ዳክዬዎቹን በልተናል። ብርድ ልብሱን ኢንሺራህ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ለማን ብለው እንደላኩት አውቃለሁ፤ ወሬውን ያደረሰልዎትም የዓሣ መኪናው ሾፌር እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ልብዎ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ ዋናውን ከላይ ልጻፍ፦ ልጅዎ በሕይወት አለች፣ የሚያስፈራው አልፏል። ሕፃን ግን የለም። አልነበረምም። እስቲ ውሃ ይጠጡ፤ እኔም ሻይ ልጠጣና ከሥሩ እነግርዎታለሁ።

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ኢንሺራህ ከገበያ ስትመለስ ሁልጊዜ ሁለተኛው ላይ፣ ከጎረቤታችን በር ፊት ቆማ ታወራለች። ወሬ መውደዷ መስሎኝ «ምላስሽ ከእግርሽ ይፈጥናል» እያልኩ ስቀልድባት ኖርኩ። ለካ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው። ደም እየፈሰሳት ነበር። እኔ ፊቷ የገረጣው ከፀሐይ ስለራቀች ነው ብዬ ደርዘን ብርቱካን ገዛሁላት። እሷ ግን ለእኔ ሳትነግር ብቻዋን ሆስፒታል ሄደች። ዶክተር ሚድሐት የሚባል የሴቶች ሐኪም አያትና በወረቀቷ ላይ ጻፈ፦ ማህፀኗ አብጧል፣ ልኩ የአሥራ ስድስት ሳምንት ነው፣ ብዙ ደም ይፈሳታል፣ ቀዶ ሕክምና ይፈቀድ። እነዚህ ሐኪሞች፣ አማቴ፣ ያበጠ ማህፀን ሲለኩ ሎሚ ያህላል ብርቱካን ያህላል አይሉም። ውስጡ ምንም ይኑር ምን፣ እርጉዝ ቢሆን ኖሮ የስንት ሳምንት ያህል ይሆን ነበር ብለው ነው የሚለኩት። እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር? እኔም አላውቅም ነበር።

ወረቀቱ ከሐኪሙ ተነሥቶ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ወዳለች አንዲት ክፍል ይሄዳል። የጤና መድን ሰዎች የሐኪም ጽሕፈት አያነቡም፤ የሚያነቡት ኮድ ነው። እያንዳንዱ ሕመም የራሱ ኮድ አለው፣ በፈረንጅ ፊደል ጀምሮ በቁጥር የሚያልቅ። የጥርስ ሕመም የራሱ፣ የሆድ ቁርጠት የራሱ። ያችን ክፍል የያዘችው ሹሩቅ የምትባል ልጅ ናት፤ በኋላ እመለስባታለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በግማሹ የእሷ ነው። ያን ሳምንት ግን ለእህቷ ሠርግ ፈቃድ ወጥታ፣ በቦታዋ ከሒሳብ ክፍል የመጣ አንድ ጎልማሳ ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱን አየ፤ ማህፀን፣ አሥራ ስድስት ሳምንት። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያስባሉ? እሱም ያንኑ አሰበ። የእርግዝናን ኮድ ጻፈና ላከው።

መልሱ የመጣው በእኔ ስልክ ነው፤ መድኑ በእኔ ስም ነውና። ጀልባዬን አስሬ ከጋብር ጋር ተቀምጬ ነበር። ጋብር ከልጅነቴ ጀምሮ ከጎኔ ሆኖ የሚሸጥ፣ ከኔም ጋር ሲሰዳደብ የኖረ ባምቡቲ ነው። «አምጣ ላንብብልህ» ቢለኝ «ዞር በል፣ ተማሪ ነኝ» አልኩት። ፊደል በፊደል ሄድኩበት። ከክፍል ውጭ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ነው፣ አማቴ። ባለቤትዎ። የአሥራ ስድስት። ሳምንት። እርግዝና። በትክክል ነው ያነበብኩት፤ ማንም ሰው ተሳስቶ አነበበ ቢልዎት ውሸት ነው። ከሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቶ ነበር። አላነበብኩትም። እርግዝና ከሚል ቃል በታች ደግሞ ምን ይነበባል?

ያን ቀን ያደረግሁትን ሾፌሩ ሳይቀንስ እንደነገረዎት እገምታለሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ላለው ሁሉ የደስታ ቀን መጠጣችንን፣ ቀይ ሸርባት፣ አስቀዳሁ። ሲምሲሚያ የምንለውን የወደባችንን ክራር የሚመታውን ሽማግሌ ከእንቅልፉ አስነሣሁት። ጋብር «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ፣ መርከቡ ከሄደ በኋላ ግመል ሸጥክ?» አለኝ። «መርከቡ መች ሄደ? መልሕቁን እንደጣለ ነው» አልኩት። የሳቁት ሰዎች ሳቅ ኬላ ድረስ ተሰማ።

ቤት ስገባ ኢንሺራህ ቡሪ ዓሣ እየፋቀች ነበር። ነገርኳት። እጇ ቆመ። «ማን ነው ያለው?» አለችኝ። «ስልኩ ነው ያለው፣ ራሴ ነኝ ያነበብኩት» አልኳት፤ ማንበቤንም እርግዝናውንም እኩል እንድታደንቅልኝ ፈልጌ። ዐይኔን ትክ ብላ አየችኝ። አፏን ከፈት አደረገች፤ መልሳ ገጠመችው። ከዚያ «ለሰው እንዳትናገር፣ ዐይን ይበላናል» አለችኝ። «ለጋብር ብቻ ነው የነገርኩት» አልኳት። ጋብር ማለት ጋዜጣ ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች። ወደ ዓሣዋ ዞረችና ያንኑ አንዱን ዓሣ ቆዳው እስኪላጥ ፋቀችው። አፍራ ነው ብዬ እያፏጨሁ ወጣሁ።

በሳምንቱ፣ ረቡዕ ቀን፣ ወደ ፖርት ፉአድ ስንሻገር ጀልባው ላይ ወደቀች። ልብሷ በደም ርሶ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት ሻርፗን አውልቃ ሸፈነችልኝ፤ አላህ ይሸፍናት። ሆስፒታል በር ላይ «እርጉዝ ናት፣ ቀስ በሉ፣ እርጉዝ ናት» እያልኩ ስጮህ ኢንሺራህ ዐይኗን ሳትገልጥ «አይደለሁም» አለች። ነርሷን «እየቃዠች ነው» አልኳት።

ደም ሰጧትና ተረጋጋች። ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታሉ የክፍያ መስኮት ላይ የተቀመጠው ሰው መድኑ ፈቃዱን ከልክሏል፣ የእርግዝናው ኮድ ስህተት ነው እየተባለ ነው፣ ምድር ቤት ሄደው ይጠይቁ አለኝ። ስልኬ ላይ ሳላነብ የተውኳት ዓረፍተ ነገር ይህችው ክልከላ ኖራለች። ደሜ ፈላ። ልጄን ስህተት የሚለው ማነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ።

ሹሩቅን ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት የማይደርስ፣ የሠርጉ ሒና ከእጇ ገና ያልለቀቀ፣ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ የሱፍ ፍሬ በኩባያ የምታስቀምጥ ትንሽ ልጅ። ጮህኩባት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «አጎቴ፣ ይቀመጡ» አለች። አልቀመጥም አልኩ። «እንግዲያው ቆመው ይስሙኝ። የባለቤትዎን ወረቀት አይቻለሁ። የማየው ልሠራበት ነው፣ ላወራው አይደለም። ምን እንዳመማት እሷን ይጠይቋት።»

እኔ ደግሞ አፌ እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ። ለመንኳት፣ ቀለድኩላት፣ ከኪሴ የእንጨት ግመል አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አቆምኩ። ግመሉን አንሥታ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። በመጨረሻ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ልጄ፣ እንዳለ ተይው። ከተማው በሙሉ ሸርባት ጠጥቶልኛል። አንድ ቁጥር ቢቆይ አንቺን ምን ይጎዳሻል?» አልኳት። እሷም «እኔን አይጎዳኝም። ይህ ቁጥር እንዳለ ፈቃድ አይመጣም፤ ፈቃድ ካልመጣ የተሰጣቸው ደም ተመልሶ ይፈሳል። ልነግርዎት የምችለው ይህን ያህል ነው። የቀረው ፎቅ ላይ ነው ያለው» አለችኝ።

ፎቅ ወጣሁ። ኢንሺራህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነገረችኝ። ማዮማ ነው፣ ማህፀኔ ውስጥ ያደገ እጢ ነው፣ ማህፀኔን ያወጡታል፣ ዶክተሩ መጀመሪያ ያየኝ ቀን ነግሮኛል አለች። «ዓሣውን ስፍቅ ልነግርህ ነበር። ስትስቅ አየሁህ» አለች። ቀጥላ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ወንድሞችህ ሌላ አግባ እንደሚሉህ አውቃለሁ። ሲሉህ ስማቸው። እኔ እናቴ ጋ እሄዳለሁ፣ ሐይቁ ዳር ዳክዬ አረባለሁ።»

እዚህ ላይ የመለስኩላትን አልጽፈውም። እሷ ታውቀዋለች። ብቻ ሲያልቅ ፊቷን ከግድግዳው ወደ እኔ አዞረች፤ «ዳክዬ ማርባት? አንቺ እኮ ዶሮ የምትፈሪ ሴት ነሽ» ያልኳትንም በመጨረሻ ሳቀችበት። ነርሷን ጠርታ ምድር ቤት ላለችው ልጅ ስልክ ደውይልኝ፣ ለባሌ ሁሉን ነገር እንድትነግረው ፈቅጃለሁ በያት አለቻት።

ተመልሼ ወረድኩ። በዚህ ጊዜ ተቀመጥኩ። «በይ እንግዲህ ቀይሪው» አልኳት። ሹሩቅ የሱፍ ፍሬውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝና «አልችልም» አለች።

አማቴ፣ የዚህችን ልጅ ነገር በደንብ እንዲሰሙልኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዶክተሩ የጻፈው «ማህፀኗ አብጧል» ብሎ ነው፤ ለምን እንዳበጠ አልጻፈም። ለዚህም ለብቻው ኮድ አለው፤ ግን ያንን ብትልክ መድኑ ይመልሰዋል። እንደ ባምቡቲ ሲታሰብ ጀልባው ዘመመ እንደ ማለት ነው። ለምን ዘመመ? ውሃ ገባው? ጭነት በዛበት? ነፋስ ነው? ምክንያቱ ሳይታወቅ ማን ገመድ ይወረውራል? ምክንያቱን መጻፍ ያለበት ደግሞ ሐኪሟ ነው። «ግን አንቺ ታውቂያለሽ!» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። «አልትራሳውንዱ ላይ አለ!» «አለ። ምስሉን ያነበቡት ሰው ያዩትን ጽፈዋል። በሽታዋ ይህ ነው የሚሉት ግን ሐኪሟ ናቸው፤ እኔ የምጽፈው እሳቸው የጻፉትን ነው።» አንዲት ቃል ጨምሪና ተገላገዪኝ አልኳት። እሷም ሳትቆጣ «አጎቴ፣ በቦታዬ የነበረው ሰውም አንዲት ቃል ነው የጨመረው። ቅን ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ባለቤትዎ የተኙት ግን በዚያች ቃል ነው» አለችኝ።

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነውና የመድኑ ቢሮ ከሰዓት በኋላ ከተዘጋ እስከ እሑድ አይከፈትም። ዶክተር ሚድሐት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቷል። ሹሩቅ በኮምፒዩተር የላከችለትን ጥያቄ የሚያይበት ጊዜ የለውም። እሷ ጥያቄውን በወረቀት አትማ ተነሣች፤ እኔም ተከተልኳት። ደረጃ ላይ ወረቀቱን አሳየችኝ፤ አነበብኩት። «የማህፀኑ ማበጥ ምክንያት ምንድን ነው?» ይላል፤ በቃ። «ማዮማ ነው አይደል ብለሽ ብትጠይቂው አይፈጥንም?» አልኳት። «መልሱን እኔ አፋቸው ውስጥ ካስገባሁት መልሱ የእኔ ነው» አለች። እኔ ለመርከበኛ «ሁለት ግመል ነው ወይስ ሦስት?» ብዬ እየጠየቅሁ ነው ቤት የሠራሁት፤ ይህች ልጅ የኔ ተማሪ ብትሆን ኖሮ ጾሟን ታድር ነበር።

በሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። ወንበር ነበረ፤ ከተቀመጥኩ ያመልጡኛል ብላ አልተቀመጠችም። ዶክተሩ ጭንብሉን አንገቱ ላይ አውርዶ ሲወጣ እኔንና እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አይቶ ገና ሳትናገር «ሹሩቅ፣ ማዮማ ብለሽ ላኪው፣ ማን ከለከለሽ?» አላት። «እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር። እርስዎ ካልጻፉት እኔ አላየሁትም።» ሰውዬው ደክሞታል፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነው የዋለው። ሳቀ። «በዚህ ዓለም የምፈራው ሁለት ሰው ነው፣ አንዷ እናቴ ናት» አለና እዚያው የነርሷ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ጽፎ ሲሰጣት አነበበችው። «የት ላይ እንዳለ አልተጻፈም» አለች። በማህፀኑ ግድግዳ ውስጥ ብሎ ጨመረ። «ደም የተሰጣት ለምን እንደሆነም» አለች። ደም በመፍሰሱ የመጣ የደም ማነስ ብሎ ጨመረ፤ ፈረመ። «ሌላ ትእዛዝ?» አላት። «አላህ ይስጥልኝ፣ ምሳዎን ይብሉ» አለችው። ከዚያ ያች አጭር ልጅ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ እኔ በጀልባ ያደግሁት ሰው አልደረስኩባትም።

ቢሮው ሳይዘጋ ፈቃዱ መጣ። ወደ እኔ ስልክም መልእክት ገባ፤ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ አነበብኩት።

የባል ፈቃድ የሚል ወረቀት አመጡልኝ። ስሜን በሙሉ፣ የአባቴንም የአያቴንም፣ አሳምሬ ጻፍኩ። ነርሷ እግሯን ስታፈራርቅ ኢንሺራህ ከአልጋዋ «ታገሺው፣ ግጥም እየገጠመ ነው» አለቻት። እሑድ ጠዋት ገባች፤ ከሰዓት በፊት ወጣች። ከሰመመኗ ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «ጫማህ የት ሄደ?» የሚል ነበር። በባዶ እግሬ ኖሯል የቆምኩት። ያወጡትን ለምርመራ ልከውት ክፉ ነገር እንደሌለበት ዶክተሩ ነገረን። ሹሩቅ ግን የምርመራው ወረቀት እጇ እስኪገባ ፋይሉን አልዘጋችም አሉ። ከዘጋች በኋላ መጥታ ጠየቀቻት፤ የሱፍ ፍሬ ይዛ። ሁለቱ ስለ ሠርግ ሲያወሩ እኔን አስወጡኝ።

እንግዲህ ወንድ ልጅ የረጨውን ራሱ ይጠርጋል። ሸርባት የጠጣውን ሁሉ አንድ በአንድ አገኘሁት። ሕፃን የለም፣ የጠጣችሁት ለኢንሺራህ መትረፍ ነው፣ ባምቡቲ መርከቡ ሳይቆም ነው የሚደርሰው፣ እኔም አስቀድሜ ቀዳሁ አልኳቸው። ጋብር ሊቀልድ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ተወውና ትከሻዬን ያዘኝ። አሁን ወደብ ላይ የማወራው ስለ ሹሩቅ ነው፤ የውጭ መርከበኞች ሳይቀሩ ያውቋታል።

ታላቅ ወንድሜም መጥቶ ነበር። ሻይ ጠጣ፣ ስለ አንዲት የሩቅ ዘመዳችን ጤንነትና ደግነት ብዙ አወራ፣ የኩሽና ሥራ እንደምትችል፣ ገና ወጣት እንደሆነች። እኔም መልካም ባል እንዲሰጣት ዱዓ አደረግሁላት፤ በሩን ከፈትኩለት፤ ደረጃው ላይ መብራት እንደሌለ አስታውሼ በስልኬ አበራሁለት። ይህን የምጽፍልዎት ወሬ ከኔ ቀድሞ እንዳይደርስብዎት ብዬ ነው።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ሾፌሩ ሰኞ ባዶውን ነው ወደ እኛ የሚመለሰው፤ ከፊት ያስቀምጥዎታል። ይምጡልን። ወደ ባሕሩ የምታየዋን ትንሽ ክፍል ያውቋታል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ለማን እንደሆነች ሳንነጋገር፣ ዕቃ ሳናስገባባት፣ ጠርገን እየዘጋን የኖርናት። ትናንት አልጋ አስገባሁባት። ለእርስዎ ጉልበት ዝቅ ያለውን መረጥኩ። ኢንሺራህ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ መጣችና መስኮቷን ራሷ ከፈተችው፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እናቴ ይሄ ትራስ ይጠነክርባታል፣ ሌላ አምጣ» አለችኝ። ሌላ አመጣሁ።

አላህ ጉልበትዎን ያጽናልን፣ ጥላዎን አያሳጥርብን፤ በሰላም ያገናኘን።

ልጅዎ